የዘጠኝ ሰከንድ ጦርነት

ዌንደል መታጠቢያ ቤት ገብቶ በሩን ከቆለፈ ሃያ ደቂቃ አልፎታል። ሌኖር ፎጣዋን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ፣ የጥርስ ብሩሿን እንደያዘች በሩ ላይ ቆማለች። ከቤቱ ክፍሎች ሁሉ የጎረቤት ውሻና የሣር ማጨጃ ድምፅ የማይገባበት መታጠቢያ ቤቱ ብቻ ስለሆነ፣ ታናሽ ወንድሟ ለሬዲዮ ቃለ ምልልስ የሚሰጠው የሽንት ቤቱን መቀመጫ ከድኖ እላዩ ላይ ተቀምጦ ነው። ድምፁ ግን ዙፋን ላይ የተቀመጠ ሰው ድምፅ ነው። «ፊልሜን ሊያይ የሚመጣው ሰው ተታሎ ነው የሚመጣው» ይላል። «ያታለልኩት ግን እኔ አይደለሁም። ያንን ማስታወቂያ ከፊልሜ ቆርጦ የሠራው ሰው ማን እንደሆነ አላውቅም፤ ማወቅም አልፈልግም። ኤዲተር ነው እንዳትሉኝ ብቻ። ሥጋ ቆራጭ ነው። ኧረ ሥጋ ቆራጭም ይሻላል! እሱ ቢያንስ ሽንጡን ሽንጥ፣ ጎድኑን ጎድን ብሎ ነው የሚሸጥላችሁ። እጁ ይቆረጥ ብዬ አልራገምም እንጂ…» የጠያቂዋ ሳቅ በስልኩ ተሰማ። ዌንደልም አብሯት ሳቀ።

እጁ የሌኖር ነበር። ይኸው ብሩሹን የያዘው እጅ። በሩ ሲከፈት ወንድሟ ጉንጯን ሳም አድርጎ፣ «ሬዲዮ ላይ ነበርኩ፣ አስጠበቅኩሽ አይደል?» አላትና እያፏጨ አለፈ። እሷ ገብታ ጥርሷን ስትፍቅ የተቀመጠበት መክደኛ ገና ሙቀቱ አልወጣለትም። መስታወቱ ላይ የመላጫ አረፋ ተፈናጥቋል፣ እጅ መታጠቢያው ውስጥ የጺሙ ቁርጥራጭ ተበትኗል። ሚስቱን ፈቶ እዚህ ከገባ አራት ወሩ ነው፤ አንድ ቀን ጠርጎት አያውቅም። ቧንቧውን ከፍታ ጺሙን በጣቷ እየገፋች ወደ ቀዳዳው ላከችው። ቀፈፋት። ግን የቀፈፋት ጺሙ ይሁን የራሷ እጅ ለይታ አላወቀችም።

ሌኖር ሠላሳ አንድ ዓመት በፊልም ሥራ በምትታወቀው በርባንክ ከተማ ውስጥ የፊልም ማስታወቂያ ስትቆርጥ ኖራለች። የሁለት ሰዓት ፊልም ይሰጧታል፤ ሁለት ደቂቃ ተኩል አድርጋ ትመልሳለች። በዚህ ሥራ የሠሪው ስም የትም አይጻፍም። ፊልም ሲያልቅ የሾፌሩና የምሳ አቅራቢው ስም ሳይቀር ይዘረዘራል፤ ማስታወቂያ ቆራጭ ግን በጓሮ ገብቶ በጓሮ ይወጣል። የወንድሟ ፊልም «የአርባ ዓመት መልስ» እነሱ መሥሪያ ቤት ሲመጣ፣ የምትጠራው በሟች ባሏ ስም ስለሆነ ዝምድናውን ያወቀ አልነበረም፤ እሷም አልተናገረችም፤ ይኼን ሥራ የሚሠሩ ቤቶች ብዙ ስለሆኑ ዌንደልም አልጠረጠረም። ሌላ ሰው ከሚያበላሸው እኔ ልያዘው ብላ ለምና ወሰደችው። ውሉ ፊልሙ እስኪወጣ ድረስ ለቤተሰብም መናገር ይከለክላል። ባይከለክልም አትነግረውም ነበር፤ መጨረሻ ላይ ከእጇ የወጣው ነገር ያሳፍራታልና።

ወጥ ቤት ውስጥ እናታቸው ኦፓል ግማሽ ብርቱካን በማንኪያ እየፈለፈለች ነበር። ሰማንያ አራት ዓመቷ ነው፤ ጆሮዋ ግን ከሁለቱም ልጆቿ የተሻለ ይሰማል። ዛሬ ፊልሙ በመላ አገሪቱ የሚከፈትበት ዓርብ ስለሆነ ትናንት ፀጉሯን ተሠርታ፣ ሌሊቱን አንገቷን ሳታዞር ነው ያደረችው። ዌንደል ቡና ሲቀዳ ማንኪያዋን አስቀመጠች።

«ማንን ነው ሽንት ቤት ቁጭ ብለህ እንዲህ የምትሰድበው?»

«ማስታወቂያውን የሠራውን ሰውዬ ነዋ፣ እማዬ።»

«አንተ ሳታየው ነው እንዴ የወጣው?»

«እኔን ማን ይጠይቀኛል! እንደማንም ሰው ስልኬ ላይ ነው ያየሁት።»

ኦፓል አንገቷን ነቀነቀች፤ «አሳዳጊ የበደለው!» አለች፣ ስለማታውቀው ሰው። ሌኖር ዳቦዋን ቅቤ ትቀባ ነበር። ዳር እስከ ዳር ቀባችው፣ ገልብጣም ቀባችው፣ ከዚያ ሳትበላው ተነሣች። አሳዳጊዋ ፊት ለፊቷ ተቀምጣ ነበር። ማታ ሦስታችንም ሲኒማ ሳንገባ ልንገረው ብላ ቆረጠች። ፊልሙ ቢወድቅ አሁን ይቅርታ መጠየቁ ነገ ከመጠየቁ ይሻላል፤ ዛሬ ካልነገረችው ወንድሟን ለዘላለም ፊቱን ማየት ትጠላለች። በመኪናዋ ውስጥ ቃላቱን እየደረደረች፣ እያፈረሰች በርባንክ ደረሰች።

መሥሪያ ቤቷ ከጥርስ ሐኪም በላይ ያለ ሁለተኛ ፎቅ ነው። መስኮት የለውም፤ ምንጣፉ የአሥር ዓመት የቻይና ምግብ ይሸታል። ዛሬ ግን ጠረጴዛው ላይ የሰባ ስምንት ዶላር ኬክ ተቀምጦ ጠበቃት። በክሬም የተጻፈበትም «78» ነው። ቫንስ የሚባለው አለቃዋ ኬኩ በቁጥሩ ልክ እንዲሆን አስቦበት ማሠራቱን ሁለት ጊዜ ነገራት። ሰባ ስምንት ማለት የገበያ አዳራሽ ውስጥ ተይዘው ማስታወቂያውን እንዲያዩ ከተደረጉ መቶ ሰዎች፣ ፊልሙን ካላየን ያሉት ቁጥር ነው። በዚያ ላይ ማስታወቂያው ለሙያው ዓመታዊ ሽልማት ታጭቷል። ሽልማቱ የሚሰጠው ለቁራጩ ነው፤ ቁራጩ የተወሰደበት ፊልም ይሙት ይዳን የሚጠይቅ የለም። ሁሉም አጨበጨቡላት። ቫንስ የመጀመሪያውን ቁራሽ ኬክ በወረቀት ሳህን ሰጣትና ጀርባዋን መታ መታ አደረጋት። ክሬሙ ቅባት ቅባት አለ፤ ምላሷ ላይ ተጣብቆ አልወርድም አላት።

ከብዙ ረቂቅ ሁለት ማስታወቂያ ነበር ቆርጣ የጨረሰችው። መጀመሪያ የሠራችው በፋይሉ ቁጥር ዘጠኝ ይባላል። ዘጠኝ ፊልሙን ይመስላል። በበረዶ ጨረቃ ላይ ባለች አንዲት ጣቢያ ውስጥ አንዲት ሴት ብቻዋን ትኖራለች፤ እናቷ በወጣትነቷ ወደ ሩቅ ኮከብ የላከችው መልእክት መልሱ እስኪመጣ አርባ ዓመት ይፈጃል፣ እናት ሞታለች፣ ልጅ ተቀምጣ ታዳምጣለች። በቃ። ይኼው ነው ፊልሙ። ሌኖር መጀመሪያ ያየችው ጊዜ ጨለማ ክፍሏ ውስጥ አልቅሳለች፤ ወንድሟ ይኼን የሚያህል ነገር በሆዱ ይዞ ኖሮ ነው እንዴ ብላ ተገርማለች። ዘጠኝን ካዩት መቶ ሰዎች ግን ሠላሳ አንዱ ብቻ ነበሩ እናያለን ያሉት። ያን ጊዜ ቫንስ መጥቶ ወንበሯ ላይ ተደገፈና፣ «ያቺ ፍንዳታ የት ሄደች?» አላት። በፊልሙ መሀል አንድ የአየር ጋን ይፈነዳል፤ ዘጠኝ ሰከንድ ነው። ዘጠኙን ሰከንድ አሥራ አንድ ቦታ ቆራረጠችው። የሴትዮዋን የበረዶ መሰርሰሪያ ከጎን ስታየው መሣሪያ ስለሚመስል እሱን ፊት ለፊት አመጣችው። ሴትዮዋ መልሱ ሲደርስ በእንባ «መልሰዋል» የምትለውን ቃል ከፍንዳታው ላይ ጫነችውና የተኩስ መልስ አደረገችው። ፊልሙ ውስጥ አንድም ጠብመንጃ የለም፤ ማስታወቂያው ውስጥ ጦርነት ሆነ። በፋይሉ ቁጥር አሥራ አራት የተባለው እሱ ነው።

ስድስት ሰዓት ሲሆን ከምሥራቁ ጠረፍ ወሬ መምጣት ጀመረ። እዚያ ቀኑ ሦስት ሰዓት ስለሚቀድም የዓርብ ፊልም ዕጣ የሚታወቀው በርባንክ ገና ምሳ ሳይበላ ነው። አዳራሾቹ ደህና ሞልተዋል፤ ሰዉ ግን እየተነሣ ይወጣል። ዴሊያ የተባለችው የሥራ ባልደረባዋ ከስልኳ እያነበበች ትስቃለች። «ስሙኝማ፣ ‹ጦርነቱ የት ነው? አንዲት አሮጊት ሬዲዮ ስታዳምጥ ለማየት ነው እንዴ ሠላሳ ማይል የነዳሁት?› ይላል። ይኼኛው ደግሞ ልጁን እንቅልፍ ወስዶት ተሸክሞት ወጣ።» አንዱ ፊልሙ ረጅም ስለሆነ ነው አለ። ሌላው ጠፈር ሲባል ሰው የሚጠብቀው ተኩስ ነው፣ የለመደውን ነው የምትሰጠው አለ። ዴሊያ፣ «ላም አለኝ በሰማይ ማለት ይኼ ነው፤ ይኼን ሁሉ ሚሊዮን ዶላር ለዝምታ!» አለች። ቫንስ ክሬሙን ከጣቱ እየላሰ ደመደመው፤ «የኛ ሥራ ወንበር መሙላት ነው። ወንበሩ ላይ ማቆየት የዳይሬክተሩ ሥራ ነው።» ሌኖር ፊቱን እያየች አንድ ነገር ገባት፤ ከዚያ በፊት እንዲህ ጥርት ብሎ አልገባትም ነበር። ይኼን ፊልም የሚወዱት ሰዎች አሉ። ግን ማስታወቂያውን አይተው፣ ይኼ ለኛ አይደለም ብለው ዛሬ ቤታቸው ቀርተዋል። የመጡት እንዳይወዱት ሆነው የተመረጡት ናቸው፤ የመረጠቻቸውም እሷ ናት። ሳህኗን ኬኩን እንደያዘ ቆሻሻ ውስጥ ጣለችው።

ከምሳ በኋላ ቫንስ ለሽልማቱ ከሚላከው ሰነድ ጋር፣ ፊልሙን ያሠራው ስቱዲዮ የመጨረሻ ፈቃድ የሰጠበት ደብዳቤ መያያዝ አለበት አላት። የፋይሉን ደብዳቤዎች መክፈት የሌኖር ሥራ ሆኖ አያውቅም፤ እሷ የምትቆርጥ ናት፣ መጻጻፉ የሌሎች ነው። ከታች ወደ ላይ እያነበበች ሄደች። ከስቱዲዮው ሰዎች ደብዳቤ ሥር አንድ ሌላ ተንጠልጥሎ ነበር፣ ከዌንደል፤ የዛሬ አምስት ወር፣ ማስታወቂያው ከመውጣቱ ሦስት ሳምንት በፊት። «ሁለቱንም አየኋቸው» ይላል። «ዘጠኝ ያንቀላፋል። እባካችሁ እሱን ለማንም አታሳዩ። አሥራ አራትን ልቀቁ። ፊልሜ አሥራ አራትን ቢመስል ኖሮ ምን ነበረበት! ማን እንደቆረጠው አላውቅም፣ እጁ ይባረክ በሉልኝ።»

ሦስት ጊዜ አነበበችው። አራት ወር ሙሉ ወንድሟን ከጀርባው የወጋሁት እኔ ነኝ እያለች ስትቃጠል ከርማለች፤ ልብሱን አጥባለታለች፣ የሚወደውን የዶሮ ሾርባ ሠርታለታለች፣ ሲሰድባት ቆማ ሰምታለች። እሱ ለካ ዓይኑን በጨው አጥቦ ነው የኖረው። ውሸቱን ራሱ መርጦ፣ መርቆ አስወጥቶ፣ ይከሽፋል ብሎ ሲፈራ ደግሞ ስም በሌለው ሰው ላይ ላከከው። ስም የሌለው ሰው መልስ አይሰጥማ! ይቅርታ ልጠይቅ ብላ ያሰናዳችው ቃል ሁሉ ከሆዷ ወጣና ቦታውን ጥላቻ ያዘው። ቢሆንም አንድ ዕድል ልስጠው አለች። ጨንቆት፣ ፈርቶ ይሆናል። ራሱ ቢናገር ይበቃኛል፣ እኔም እናገራለሁ፣ ሁለታችንም አጥፍተናል፣ ይኼው ነው። ራሷን በዚህ አባብላ አሥር ሰዓት ላይ እናትና ልጁን ወደ ሲኒማ ልትወስድ ቫን ናይስ ወዳለው ቤታቸው ተመለሰች።

መንገዱ እንደ ዓርብ መንገድ ተዘግቶ ነበር። ኦፓል ከፊት ቀበቶዋን አስራ፣ ቦርሳዋን ጉልበቷ ላይ አቅፋ ተቀምጣለች። ዌንደል ከኋላ ሆኖ ስልኩን እየነካካ ይተነፍሳል። የቀዝቃዛ አየር ማውጫው አቧራ አቧራ ይሸታል። ሌኖር የኋላ ማያ መስታወቱን በወንድሟ ፊት ልክ አስተካከለችው።

«ዌንደል፣ ከዚያ ማስታወቂያ ሌላ አማራጭ አሳይተውህ አያውቁም?»

«ምንም።»

«ሌላ ዓይነት፣ ፊልሙን የሚመስል…»

«ምንም አላሳዩኝም አልኩሽ እኮ። ፊልሙን የሚመስል ቢያሳዩኝማ እግራቸው ሥር ወድቄ እሱን ልቀቁልኝ እል ነበር።»

ኦፓል ወደ ኋላ ሳትዞር እጇን ዘርግታ ጉልበቱን ዳበሰችው፤ «አይዞህ ልጄ» አለችው። ሌኖር መስታወቱን ወደ ቦታው መለሰችው። ከዚያ በኋላ ፊቱን ለማየት አልፈለገችም።

ሲኒማ ቤቱ ኖርዝሪጅ ካለው የገበያ አዳራሽ ፎቅ ላይ ነው። ፊልም የሠራ ሰው በመክፈቻው ዓርብ ከሲኒማ ሲኒማ እየዞረ፣ እንደማንም ሰው ከፍሎ ገብቶ ከኋላ ወንበር የሰዉን ማጅራት ማየት በዚህ ከተማ ልማድ ነው። ዌንደልም ኮፍያውን ዓይኑ ላይ ደፍቶ ትኬት ቆረጠ፤ አሥራ ዘጠኝ ዶላር ከሃምሳ ሳንቲም። ኦፓል የአዛውንት ቅናሽ ካልተደረገልኝ ብላ መታወቂያዋን እስክታገኝ ድረስ ሰልፉን አስቆመችው። ፈንዲሻው አሥራ አንድ ዶላር፣ ውሃው ስድስት ከሰባ አምስት። ፈንዲሻው ላይ ከቧንቧ የሚንዠቀዠቀው ቢጫ ዘይት ቅቤ ተብሎ ይጠራል። አዳራሹ ከግማሽ በላይ ሞልቶ ነበር። ጎረምሶች በቡድን መጥተዋል፤ አንድ ትከሻው ሰፊ ሰውዬ ሁለት ሴት ልጆቹን ይዞ የጦር ሠራዊት ቲሸርት ለብሶ ከፊታቸው ተቀመጠ። ወለሉ ጫማ ይይዛል። ሌኖር እጇን የወንበሩ መደገፊያ ላይ ስታሳርፍ የሆነ የሚያጣብቅ ነገር ነካትና መልሳ ጭኗ ላይ አኖረችው።

የመጀመሪያው አርባ ደቂቃ ሰዉ ታገሠ። ጦርነቱ ይመጣል ብሎ ነው የሚጠብቀው። ሴትዮዋ በበረዶው ላይ ስትሄድ፣ ማሽኖቿን ስትጠርግ፣ ከሞተች እናቷ ድምፅ ጋር ስታወራ፣ አንዱ ስልኩን አበራ፣ ሌላው አበራ፣ አዳራሹ እዚህም እዚያም ተለኳኮሰ። ሴትዮዋ የእናቷን ሹራብ ለብሳ ስታሸትተው ከጎረምሶቹ አንዱ አፍንጫውን ጮክ አድርጎ ሳበና ሁሉም በሳቅ ፈነዱ። ከዚያ ጋኑ ፈነዳ። «መጣ! መጣ!» ብሎ አንድ ሰው ጮኸ፤ እጅም ተጨበጨበ፤ ሰውዬው ልጆቹን በክርኑ ነካ ነካ አደረጋቸው። ሌኖር ዓይኗን ጨፍና ቆጠረች። ዘጠኝ ላይ ዝም አለ። ሴትዮዋ መሰርሰሪያዋን አንሥታ በረዶ መቆፈር ጀመረች፣ አራት ደቂቃ ሙሉ ቆፈረች። ሰዉ ነገሩ ገባው። «ይኼው ነው?» አለ አንዱ። ከኋላ የተወረወረ ፈንዲሻ ስክሪኑን መታው። ሰዉ በጥንድ በጥንድ እየተነሣ መውጣት ጀመረ፤ ዌንደል የሚወጡትን በከንፈሩ ይቆጥራል። ሌኖር ግን እናቷን አየቻት። ኦፓል ፈንዲሻውን መሬት አስቀምጣ፣ ሁለት እጇን አፏ ላይ አድርጋ፣ ወደ ፊት ሰግዳ ነበር። መልሱ ደርሶ ሴትዮዋ «መልሰዋል» ስትል ኦፓል ድምፅ ሳታሰማ አለቀሰች። በአዳራሹ ውስጥ ያን ቃል እንደ ተጻፈው የሰማችው እሷ ብቻ ሳትሆን አትቀርም።

መውጫው አዳራሽ ውስጥ ቲሸርት የለበሰው ሰውዬ ትኬት የሚሸጠውን ልጅ ይዞ ይጮህ ነበር። «ስልሳ ዶላር! ለሦስት ሰው ስልሳ ዶላር፣ ፈንዲሻው ሳይቆጠር! ጦርነት ነው ብላችሁ አይደል የጠራችሁን? ቁፋሮ ለማየትማ ጓሮዬ አለልኝ!» ዙሪያው ያለው ሰው አጉረመረመ። ሌኖር ወደ መኪና እንሂድ ብላ እናቷን ክንዷን ያዘቻት። ዌንደል ግን ኮፍያውን አወለቀ። ሰውዬው ፊት ሄዶ ቆመ።

«ወዳጄ፣ ፊልሙን የሠራሁት እኔ ነኝ» አለው።

ሰውዬው ከእግር እስከ ራሱ አየው። «እና ደረትህን ነፍተህ ትነግረኛለህ?»

«አንተን ያታለለህ እኔንም አታሎኛል ልልህ ነው። ፊልሜ የጦርነት ፊልም አይደለም፣ ብዬም አላውቅም። ማስታወቂያውን የሠሩት ሰዎች ናቸው የዋሹህ። እኔን አላማከሩኝም። ስማቸውን እንኳ አይጽፉም፣ ፈሪዎች ናቸው። የአሥር ዓመት ሥራዬን እንደ በግ አርደው ነው ያቀረቡልህ።» ድምፁ ተሰበረ፤ እውነተኛ እንባ ነበር ዓይኑ ላይ ያቀረረው። አንዲት ሴት «ውይ!» አለች። አንድ ሰው ስልኩን አውጥቶ ይቀርጸው ጀመር። ሰውዬው ለስለስ አለና፣ «ታዲያ ማን ነው እሱ? ስሙን ንገረኝና እኔ ልፈልገው» አለ። ዌንደል ትከሻውን ሰበቀ። ቅድም ሲጮህ የነበረው ሁሉ አሁን ዌንደልን በአዘኔታ ነው የሚያየው። ያቺ «ውይ» ያለችው ሴት ክንዱን ነካ አደረገችው። እሱም ደስ ብሎት ነበር። ሌኖር ያየችው ይኼን ነው፤ አንገቱን ደፍቶ፣ በእንባው ሥር ደስ ብሎት ነበር። አንገፈገፋት።

«እኔ ነኝ» አለች።

ሁሉም ዞሩ። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። «እኔ ነኝ የቆረጥኩት። እህቱ ነኝ። ሁለት ነበር የሠራሁት፤ አንዱ እውነቱን የሚናገር፣ አንዱ ውሸታም። ሁለቱንም አሳይተውታል። ምን ብሎ እንደጻፈላቸው ልንገራችሁ? ‹ዘጠኝ ያንቀላፋል፣ ለማንም አታሳዩ። አሥራ አራትን ልቀቁ። ፊልሜ አሥራ አራትን ቢመስል ኖሮ ምን ነበረበት! የቆረጠው እጁ ይባረክ በሉልኝ።›» እጇን ዘረጋችለት። «ይኸው እጁ። ባርከው።»

ዌንደል ቀይ ሆነ፣ ከዚያ ነጣ። «ሌኖር…» አለ፣ «ዛሬ? ዛሬን መርጠሽ?»

«ጠዋት ሽንት ቤት ተቀምጠህ ስትሰድበኝ ቀኑ ዛሬ አልነበረም?»

«እንደዚያ ካልተባለ እኮ ማንም አይመጣም ነበር! አንቺም ታውቂዋለሽ። ሰው ከመጣ በኋላ ፊልሙ ራሱ ይይዘዋል ብዬ ነው…»

ሰውዬው ሁለቱን እያፈራረቀ አየና ሳቀ፤ የሚያስጠላ ሳቅ ነበር፣ ግን የሚገባቸው ሳቅ ነበር። «በቤተሰብ ነው ለካ የዘረፋችሁን! ኑ ልጆች፣ እንሂድ» አለና ልጆቹን እየነዳ ወደ ተንቀሳቃሽ ደረጃው ሄደ። ስልኩን የያዘው ሰው መቅረጹን አላቆመም። ሌላው ተበተነ። ሦስቱ ብቻቸውን ቀሩ፤ መሀላቸው ላይ የተረገጠ ፈንዲሻ ነበር። ኦፓል ቦርሳዋን በሁለት እጇ ይዛ ልጇን ታየዋለች።

«ያንቀላፋል ያልከው ይኼንኑ ነው? አሁን ያየሁትን?»

«እማዬ፣ የገበያ ነገር ነው፣ አንቺ አይገባሽም…»

«እኔ እኮ አልቅሼበታለሁ» አለችው። «አንተ ያፈርክበትን ነው እኔ ያለቀስኩበት?» ወደ ሌኖር ዞረች። «አንቺስ? ያንን ተኩስ የሠራሽው አንቺ ነሽ? ‹መልሰዋል› የምትለዋን እዚያ ላይ የለጠፍሽው?»

ሌኖር ምክንያት ነበራት። አለቃዋ፣ ቁጥሩ፣ ሌላ ቢሠራው የባሰ ይሆን እንደነበር። ሁሉም አፏ ድረስ መጣ፤ ሁሉም ወንድሟ አሁን የተናገረውን መሰላት። «እኔ ነኝ» አለች። እውነቱን ከተናገርኩ ይቀለኛል ብላ ነበር፤ አልቀለላትም። እናቷ ፊት ላይ ያለው ነገር ቁጣ አልነበረም። የተበላሸ ምግብ የቀመሰ ሰው ፊት ነው።

ያን ጊዜ በአንገቷ መታወቂያ ያንጠለጠለች አንዲት ወጣት ሴት ካርዶችና እርሳሶች ይዛ ከሌላው በር በኩል መጣች። የተባለውን አልሰማችም። እንደነዚህ ዓይነቶቹ በመክፈቻው ዓርብ በየከተማው በየሲኒማው ደጅ ቆመው ለፊልሙ ማርክ የሚያሰጡ ናቸው፤ በማግስቱ ጠዋት ፊልሙ የሚቀጥል ወይም የሚነሣ መሆኑ የሚታወቀው በነሱ ካርድ ነው። እጇ ላይ ያሉት የተሞሉ ካርዶች ሁሉም ከሁሉ ዝቅተኛው ማርክ ላይ የተቀለሙ ነበሩ፤ ሌኖር ከቆመችበት ሆና አየቻቸው።

«እማማ፣ አንድ ደቂቃ ቢሰጡኝ?» አለቻት ልጅቷ ኦፓልን። «ለፊልሙ ማርክ እንዲሰጡልን ነው። በቅድሚያ ግን አንድ ጥያቄ አለኝ፤ መልሱ አዎ ከሆነ ካርድዎ ስለማይቆጠር ነው። ከቤተሰብዎ ውስጥ በፊልም ሥራ ላይ ያለ ሰው አለ?»

ዌንደል መሬት መሬት ያያል። ሌኖር እናቷን አየች። ኦፓል መጀመሪያ ወንድ ልጇን፣ ቀጥላ ሴት ልጇን ረጋ ብላ ተመለከተቻቸው፤ መንገድ ለመሻገር አብሯት አረንጓዴ መብራት የሚጠብቅ ሰው እንደምታየው ነው ያየቻቸው። ከዚያ ቦርሳዋን ክንዷ ላይ አንጠልጥላ እጇን ለልጅቷ ዘረጋች።

«የለም፣ የኔ ልጅ» አለቻት። «አንድም ሰው የለኝም። እርሳሱን አምጪው።»

ካርዱን ግድግዳው ላይ አስደግፋ፣ ከሁሉ ከፍተኛውን ማርክ ተጭና አጠቆረችው።